የሼከሮች እሽግ ቅጠላ ቅጠልና የፓተንት መድኃኒት ዘመን

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አሜሪካ፣ የደረቀ የመድኃኒት ቅጠል ተመዝኖና በወረቀት ታሽጎ ለገበያ ሲቀርብ ስማቸው ቀድሞ የሚነሳው ሼከሮች ናቸው። እነዚህ ምእመናን መሪያቸውን አን ሊን ተከትለው በ1774 ከእንግሊዝ የተሻገሩ፣ ጋብቻን ትተው ንብረታቸውን የጋራ ያደረጉ ማኅበርተኞች ሲሆኑ፣ የመድኃኒት ዕፅ መሸጥ የጀመሩት በ1800 አካባቢ ነው። በኒው ዮርክ ግዛት የሚገኘው የዋተርቭሊት መንደራቸው በ1830 የዕፅዋቱን ዝርዝር አሳትሞ ነበር።

ከዱር የተለቀመውም ሆነ በጓሮ የበቀለው ቅጠል፣ አበባና ሥር ተለይቶና ጸድቶ አየር በሚገባው ሰገነት ላይ ይደርቃል። ከደረቀ በኋላ በመጭመቂያ ተጠቅጥቆ የጡብ ቅርጽ ይይዛል፤ ይህም ቦታ ይቆጥባል፣ በመንገድም አይፈርስም። ጡቡ ከአንድ አውንስ፣ ማለትም ከ28 ግራም ገደማ፣ እስከ አንድ ፓውንድ ይመዝናል። በወረቀት ከተጠቀለለ በኋላ የተክሉ የተለመደ ስምና የላቲን መጠሪያው የታተመበት ወረቀት ይለጠፍበታል። ገዢው የሚገዛውን ነገር በስሙ ያውቀዋል ማለት ነው። የመንደሩ ሥርዓት ጥብቅ ነበር፤ ለጽጌረዳ ውኃ አበባ የሚለቅሙት እህቶች፣ ልብሳቸው ላይ መሰካት እንዳያምራቸው፣ አበባውን ያለ ዘንጉ እንዲቀጥፉ ይታዘዙ እንደነበር ይነገራል።

በንግድ ስም ታሽጎ በማስታወቂያ ለሚሸጥ መድኃኒት የተሰጠው «የፓተንት መድኃኒት» የሚለው መጠሪያ በአንጻሩ አሳሳች ነው። መነሻው የእንግሊዝ ነገሥታት ይሰጡት የነበረው የባለመብትነት ደብዳቤ ቢሆንም፣ አብዛኞቹ የአሜሪካ ሻጮች ፓተንት አላወጡም፤ ፓተንት የሚፈልግ ሰው ቅመማውን መግለጽ አለበትና። የሚያስጠብቁት የንግድ ስማቸውንና የእሽጉን መልክ ነበር። በእርግጥ ፓተንት ካወጡት ጥቂቶች አንዱ የኒው ሃምፕሸር ገበሬ የነበረው ሳሙኤል ቶምሰን ነው። በ1813 ባገኘው መብት መሠረት አንድ ቤተሰብ 20 ዶላር ከፍሎ ዘዴውን ይጠቀም ነበር፤ መድኃኒቶቹም በቁጥር ይጠሩ ነበር፤ አንደኛው ሎቤሊያ የተባለ የሚያስታውክ ተክል ነው።

ሼከሮችም ቢሆኑ ከዚህ ገበያ ርቀው አልቀሩም። በመቶ ዓመቱ መገባደጃ ለነጋዴው ኤ. ጄ. ኋይት ያዘጋጁት ፈሳሽ «የእናት ሲገል ሽሮፕ» በሚል ስም አውሮፓ ድረስ ተሽጧል፤ የማኅበሩ መልካም ስም ለማስታወቂያ ጠቅሟል። ደረቁ ዱቄትም የራሱ ባለስም ምርት ነበረው። በ1879 የተቋቋመው የቻታኑጋ መድኃኒት ኩባንያ «ብላክ ድራፍት» ብሎ የሸጠው የሆድ ማስለቀቂያ ዋና ተክሉ ሰናመኪ ነው፤ የእኛም ሰው በዚያው ጠባዩ የሚያውቀው።

በ1906 የወጣው የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ሕግ አልኮል፣ ኦፒየም፣ ኮኬይንና መሰሎቻቸው በመድኃኒቱ ውስጥ ካሉ መጠናቸው በእሽጉ ላይ እንዲጻፍ አስገደደ። የሌላውን ቅመም ዝርዝር ግን አልጠየቀም፤ ስለዚህ በውስጡ ያለውን ተክል በስሙ የመጥራት ግዴታ በድብልቅ ዱቄት ላይ አልተጣለም።