«ኮረብታ ካለ ዳገት ነው»፦ መኪና ስለማይገባባቸው የብስክሌት ጉዞ መንገዶች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባሕር ዳር ውስጥ ብስክሌት ነድቶ የማያውቅ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ተማሪው፣ አናጢው፣ መንግሥት ሠራተኛው ሁሉ ይነዳል። ወሬው ከከተማ ወጥቶ፣ ዕቃ ጭኖ፣ ቀኑን ሙሉ መጓዝ ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ ይቀየራል። የእንግሊዙን ፒክ ዲስትሪክት ወይም የስፔኑን አንዳሉሲያ በስልኩ ያየ ሰው፣ ነጩን የኖራ ድንጋይ ገደልና የተደራረበውን ኮረብታ ሲመለከት «ይሄማ የስፖርተኛ ነው» ብሎ ይተወዋል። ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም እነዚያ መኪና የማይገባባቸው መንገዶች ለባሕር ዳር አነዳድ በጣም ቅርብ ናቸው። ብስክሌት መጠገኛ ደጃፍ ላይ ተራ ስንጠብቅ ደጋግሜ የምሰማቸውን አባባሎች አንድ በአንድ ላንሳ።

«ኮረብታማ አገር ሁሉ ዳገት ነው»

ዋናው ስሕተት ይሄ ነው። በኖራ ድንጋይ ኮረብቶች መካከል የሚያልፉት የታወቁ የብስክሌት መንገዶች አብዛኞቹ ድሮ የባቡር ሐዲድ የነበረባቸው ናቸው። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ሲሄድ መቆንጠጫ የለውም፤ ዳገት ከበዛ ይንሸራተታል። ስለዚህ መሐንዲሶቹ በየ100 ሜትሩ ከ1 ወይም ከ2 ሜትር በላይ ከፍታ እንዳይጨምር ሲታገሉ ኖረዋል። ኮረብታ ሲገጥማቸው ቆርጠው ወይም ሸንቁረው አለፉ፤ ሸለቆ ሲገጥማቸው ድልድይ ጣሉ። ባቡሩ ቀርቶ ሐዲዱ ሲነሳ ያ ሁሉ ልፋት ለባለብስክሌቱ ተረፈ።

ፒክ ዲስትሪክት ውስጥ ያለው ሞንሳል ትሬይል 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባቡሩ የቆመው እ.ኤ.አ. በ1968 ሲሆን፣ ተዘግተው የቆዩት መሿለኪያዎቹ ደግሞ በ2011 ለእግረኛና ለብስክሌት ተከፈቱ። ግራና ቀኙ ገደል ነው፤ መንገዱ ላይ ያለው ሰው ግን ልጁን ከኋላ ጭኖ፣ ማርሽ ሳይነካ፣ እያወራ ያልፋል። በስፔን ደግሞ ቪያ ቬርዴ ዴ ላ ሲየራ የሚባለው 36 ኪሎ ሜትር መንገድ 30 መሿለኪያዎችና 4 ረጃጅም ድልድዮች አሉት። የሚገርመው፣ ባቡር አንድም ቀን አልሄደበትም፤ ሥራው ሳያልቅ ቀረና ያለቀለት ክፍል ለብስክሌት ሆነ።

ስለዚህ መንገድ የሚመርጥ ሰው ተራራውን ከማየቱ በፊት መንገዱ መጀመሪያ ለምን እንደተሠራ ይጠይቅ። ለባቡር ከሆነ ለጉልበቱ አይስጋ። ለበቅሎ ወይም ለድንጋይ ማውጫ ከተሠራ ግን ይጠንቀቅ፤ የበቅሎ መንገድ ቀጥ ብሎ ሽቅብ ይወጣል። ከባቡሩም ወገን ቢሆን ልዩ የሆኑ አሉ። እዚያው ፒክ ዲስትሪክት ያለው ሃይ ፒክ ትሬይል ላይ ፉርጎዎቹ ቆሞ በሚሠራ የእንፋሎት ሞተር በገመድ ይጎተቱ የነበሩባቸው ቦታዎች አሉ፤ እነሱ እውነተኛ ዳገቶች ናቸው፤ ቁልቁል ሲወርዱም ፍሬን ይፈትናሉ። ካርታ ላይ ያለውን የከፍታ መስመር አስቀድሞ ማየት ለዚህ ነው።

«መኪና ከሌለ አደጋ የለም»

መኪና ባይኖርም ሰው አለ፣ ውሻ አለ፣ በግ አለ፣ ድንገት የሚታጠፍ ሕፃን አለ። መንገዱ ከመኪና መንገድ ጋር የሚቋረጥባቸው ቦታዎችም አሉ፤ ጸጥታውን የለመደ ሰው ሳያይ የሚገባውም እዚያ ላይ ነው። ደወልና መብራት መያዝ ነው። በመሿለኪያ ውስጥ የፀሐይ መነጽር ማውለቅ እንኳ ትልቅ ነገር ነው።

«አረንጓዴ ካለ ውሃ አይጠፋም»

ጣና ዳር ላደገ ሰው ይህን ማመን ተፈጥሯዊ ነው። የኖራ ድንጋይ አገር ግን ውሃውን ይደብቃል። ዝናቡ ከአየርና ከአፈር የካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚይዝ ጥቂት አሲድነት አለው፤ ያ ውሃ ድንጋዩን ቀስ በቀስ እያሟሟ ስንጥቁን ያሰፋና ወደ ታች ይሰርጋል። ላዩ ሣር ለብሶ ሳለ ሸለቆው ደረቅ ሆኖ ይቀራል። ወንዙ ከሥር በዋሻ ይሄድና ኪሎ ሜትሮችን አልፎ ከገደል ግርጌ ብቅ ይላል። የእኛው ሶፍ ዑመር ዋሻ እንዲሁ ነው፤ ባሌ ውስጥ የወይብ ወንዝ የኖራ ድንጋዩን ሰንጥቆ ገብቶ በሌላ በኩል ይወጣል።

እንዲህ ባለ አገር «ቀጥሎ ባለው ወንዝ እሞላለሁ» ብሎ መነሳት አያዋጣም። ሁለት ኮዳ ከመነሻ ሞልቶ፣ የሚሞላበትን መንደር ካርታ ላይ ምልክት አድርጎ መሄድ ነው። የተገኘውንም የምንጭ ውሃ እንደ ንጹሕ አለመቁጠር፤ በስንጥቅ የሚወርድ ውሃ አፈር ውስጥ እንደሚያልፈው በደንብ አይጣራም፤ ላይ ያለው የከብት በረት እጣቢ ሳይጠራ ይደርሳል።

«የኖራ ድንጋይ ጠጠር ጎማ ይጨርሳል»

ተቃራኒው ይቀርባል። ለብስክሌት መንገድ የሚነጠፈው ደቅቆ ዱቄቱ ከጠጠሩ ጋር የተቀላቀለ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ውሃ ጠጥቶ ሲዳመጥ ይያያዛል። ከ35 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጎማ በቂ ነው፤ ብዙዎቻችን ከተማ ውስጥ የምንነዳው ብስክሌት ጎማም ከዚያ አይጠብም። በኮብልስቶን ላይ የሚንገጫገጭ ጎማ እዚያ ዕረፍት ያገኛል። የጎማውን ነፋስ ትንሽ ቀነስ ማድረግ ይጠቅማል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ከዝናብ በኋላ ነጩ ልቁጥ ካቴናው ላይ ተለጥፎ ሲደርቅ ዘይቱን ይመጥና ካቴናው እየጮኸ ይሄዳል። ማታውኑ በውሃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ዘይት ካልተቀባ በማግሥቱ ይቆጨናል። በብዙ እግር የለሰለሰ የኖራ ድንጋይ ንጣፍ ደግሞ ሲረጥብ እንደ ሳሙና ነው፤ እዚያ ላይ ፍሬን ሳይዙ፣ መሪ ሳያጥፉ፣ ቀጥ ብሎ ማለፍ።

«ጣና ዳር ሜዳ ነው፤ ሜዳ ደግሞ ቀላል ነው»

ዳገት የለም ማለት ድካም የለም ማለት አይደለም። ወደ ዘጌ ወይም ወደ ደብረ ማርያም የሚያሻግሩ ጀልበኞች በጠዋት መነሳት የሚወዱት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ነፋስ ይነሳል። ያ ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ ሜዳው ዳገት ይሆናል፤ ልዩነቱ ቁልቁለት የሌለው ዳገት መሆኑ ነው። ከከተማ ወደ ደቡብ የወጣ ሰው ሲመለስ የሚያገኘው እሱን ነው። ስለዚህ በማለዳ ወጥቶ እኩለ ቀን ሳይሞላ ፊትን ወደ ከተማ ማዞር ይሻላል።

ጭቃው ደግሞ ከነፋሱ ይብሳል። በክረምት የጣና ዙሪያ ጥቁር አፈር ጎማው ላይ ይጠቀለላል፣ ከፍሬኑና ከሹካው መካከል ይገባል፣ ጥቂት ሜትር ሳይኬድ ጎማው መዞር ያቆማል። በእንጨት እየቆረቆሩ ማውጣትና ብስክሌቱን በትከሻ መሸከም ነው የሚቀረው። ደንገል የበቀለበት ዳርቻ ከሆነማ መንገዱ ራሱ ውሃ ነው። በጋ ላይ ያው ቦታ የደረቀ ስንጥቅ ይሆንና ቀጭን ጎማ ይይዛል።

«እኛ ጋ እንዲህ ያለ መንገድ የለም»

ግማሹ እውነት ነው። የጣና ዙሪያ ድንጋይ ኖራ አይደለም፤ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ሐይቁን የገደበውም እሱ ነው፣ ጢስ ዓባይም የሚወርደው ከእሱ ላይ ነው። የኖራ ድንጋዩን ለማየት ዓባይን ተከትሎ እስከ ደጀንና ጎሐ ጽዮን መካከል እስካለው በረሃ መውረድ ያስፈልጋል። እዚያ ደግሞ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል የሚወርድ፣ የጭነት መኪና የሚበዛበት አውራ ጎዳና ነው፤ ለመጀመሪያ ጉዞ አልመክረውም። የቆየ የባቡር መስመርም በአካባቢያችን የለንም።

ነገር ግን ዳገት የማይወድ ባቡር ብቻ አይደለም፤ ውሃም ነው። ከባሕር ዳር በስተደቡብ መራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ መስኖ 7,000 ሔክታር እንዲያጠጣ የተሠራ ነው፤ ዋናው ቦይ የኮረብታውን ወገብ ይዞ፣ ውሃው በራሱ እንዲሄድ በጣም በቀስታ እየወረደ ያልፋል። ከቦይ ጎን የሚሄድ የጥገና መንገድ ደግሞ የቦዩን ልክ ይከተላል። የባቡሩ ምስጢር ይሄው ነው። ከባሕር ዳር እስከ መራዊ ያለው አስፋልት ሲኖትራክና ሚኒባስ ስለሚበዛበት ብስክሌቱን ፖርቶመጋላ ላይ ጭኖ መሄድ ይሻላል፤ የመንገዱን ሰላምም በዚያው ጠዋት ከአካባቢው ሰው መጠየቅ የግድ ነው። ገበሬው ውሃ በሚያዞርበት ሰዓት ከብስክሌት ወርዶ፣ ሰላምታ ሰጥቶ፣ እየገፉ ማለፍ፤ ከቦዩ የውሃ መክፈቻ በታች ያለው መሬት ስለሚረጥብ እዚያች ቦታ ላይ ጭቃው በበጋም ይይዛል።