ደንባራ ፈረስን በትዕግሥት ማላመድ

ሰው ሲጠጋው የሚበረግግ፣ ልጓም ሲያይ አንገቱን የሚያርቅ ፈረስ ብዙ ጊዜ «እልኸኛ» ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ፈርቶ ነው። ፈረስ በአውሬ ሲታደን የኖረ እንስሳ ነው፤ ዘሩን ያተረፈው ቀድሞ መደንገጡና ቀድሞ መሮጡ ነው። ስለዚህ ፍርሃትን በአለንጋ ማስለቀቅ አይቻልም። ደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮላት እንደሚባለው ይሆናል። ተፈጥሯዊ የፈረስ አያያዝ የሚባለው ዘዴ የሚነሳው ከዚህ ነው። ከማስገደድ ይልቅ ጠባዩን አውቆ፣ በሰውነት እንቅስቃሴ እየተግባቡ መግራት ማለት ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ግሪካዊው ዜኖፎን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዘመን ስለ ፈረስ ሲጽፍ፣ ተናዶ ወደ ፈረስ መቅረብ እንደማይገባ መክሯል። የፈራውን ነገር በዱላ እንዲጠጋ ማስገደድ ፍርሃቱን እንደሚያባብሰውም ያውቅ ነበር። በ20ኛው መቶ ዘመን ዘዴውን ያስፋፉት ደግሞ በአሜሪካ ምዕራባዊ ግዛቶች ከብት ሲያረቡ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ቶም ዶራንስ (1910–2003) እና ሬይ ሃንት (1929–2009) በግንባር ቀደምነት ይጠቀሳሉ። በዚያ አካባቢ ፈረስ መግራት ብዙ ጊዜ አስሮ መጫንና ደክሞት እስኪሸነፍ መጋለብ ነበር።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሕመም መኖር አለመኖሩ ይታያል። የጥርስ ሕመም፣ የጨጓራ ቁስለት፣ የቆሰለ ጀርባ ወይም የማይገጥም ኮርቻ ፈረስን ደንባራ ያስመስለዋል። ይህን የእንስሳት ሐኪም ሳያይ ልምምድ መጀመር ተገቢ አይደለም። የታመመን እንስሳ «ታገሥ» ማለት ግፍ ነው።

አቀራረብም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። የፈረስ ዓይኖች በግራና በቀኝ ስለሆኑ ወደ 350 ዲግሪ ያህል ዙሪያውን ያያል። ከግንባሩ ፊት ለፊት ቅርብ ያለውንና ከጭራው ኋላ ያለውን ግን አያይም። ስለዚህ ከጎን፣ ወደ ትከሻው፣ ዘና ብሎ መጠጋት ይሻላል። አፍጥጦ ማየትና ቀጥ ብሎ መምጣት የአዳኝ አመጣጥ ነው።

የዘዴው ልብ ጫናን በሰዓቱ ማንሳት ነው። ለፈሪ ፈረስ የሰው መጠጋት ብቻውን ጫና ነው። ሰውየው ይጠጋል፤ ፈረሱ አንገቱን ቀና አድርጎ ጆሮውን ሲቀስር እዚያው ይቆማል። ይጠብቃል። ፈረሱ አንገቱን ዝቅ ሲያደርግ ወይም በረጅሙ ሲተነፍስ፣ ሰውየው ወዲያው ወደ ኋላ ይላል። ፈረሱ የሚማረው በዚህች ቅጽበት ነው፦ ተረጋግቶ መቆም ሰውየውን እንደሚያርቀው ያውቃል። ማፈግፈጉ ጥቂት ሰከንዶች ከዘገየ ትርጉሙ ይጠፋል። ሰውየው ያፈገፈገው ፈረሱ ሲሸሽ ከሆነ ደግሞ የተማረው መሸሽን ነው። ጎበዝ ገሪ ፈረሱን እስከ መሸሽ የማያደርሰው ለዚህ ነው።

ምልክት ማንበብም ያስፈልጋል። የዓይኑ ነጭ ከታየ፣ አፍንጫው ከተወጠረና ጭራውን ካጣበቀ ርቀቱ ጠቦበታል ማለት ነው። ከንፈሩ ከላላና አንዱን የኋላ እግሩን ካሳረፈ ተረጋግቷል። ከንፈሩን መላሱንና ማላመጡን ብዙዎች እንደ እሺታ ያዩታል፤ ከውጥረት በኋላ የሚመጣ እፎይታ ሊሆንም ይችላል። ደጋግሞ ከታየ ውጥረቱ በዝቶ እንደነበር መጠርጠር ደግ ነው።

የመጀመሪያው ንክኪ ጋማው የሚያልቅበት፣ ከትከሻው በላይ ያለው ቦታ ቢሆን መልካም ነው። ፈረሶች እርስ በርስ የሚተካከኩት እዚያ ነው። እዚያ ሲታከክ የልብ ምቱ እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። ከዚያ ልባብ፣ ገመድ፣ ድብዳብ፣ በመጨረሻም ኮርቻ በየተራ ይመጣሉ። አስሮ በላስቲክና በጨርቅ እስኪሰለች ማስደንገጥ ግን ሌላ ነገር ነው። ፈረሱ ፀጥ ብሎ ይቆማል፤ ነገር ግን የቆመው ተስፋ ቆርጦ እንጂ አምኖ ላይሆን ይችላል። ከውጭ ሲታይ ሁለቱ ስለሚመሳሰሉ ብዙ ሰው ይሳሳታል።

ዘዴው ነቀፌታ አላጣውም። አንዳንዶች ፈረሱን በክብ አጥር ውስጥ እያባረሩ «መሪው ማን እንደሆነ» ሊያሳዩት ይሞክራሉ። በ2007 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የፈረስ ግልቢያ ሳይንስ ማኅበር በመሪነትና በበላይነት ሐሳብ መመካትን በጥንቃቄ እንዲታይ አሳስቧል። ትችቱ ተገቢ ነው፤ ለፈራ ፈረስ መባረር መድኃኒት ሊሆን አይችልም።

ለውጡ ቀጥ ያለ መንገድ የለውም። ትናንት ገመድ የለመደ ፈረስ ዛሬ ነፋስ ሲነሳ ወይም ቦታ ሲቀየር ይደነብራል። ያኔ ወደሚያውቀው ደረጃ መመለስ ይገባል። አንድን ሰው ማመኑም ሌላውን ሁሉ ያምናል ማለት አይደለም። ስለዚህ ባለቤቱን ከለመደ በኋላ ሁለተኛና ሦስተኛ ሰው፣ ሐኪምና ኮቴ አስተካካይ ጭምር፣ ከሩቅ ጀምረው እንደገና ይለማመዱታል።