«ኢንተርኔቱ ነው ያባላን» እና ሌሎች ደጋግመን የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ባለፈው ክረምት የቤተሰባችን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንድ ፎቶ ላክሁ። የተቃጠለ ቤት ነው። ከሥሩ «ዛሬ ጠዋት» ይላል፣ የተጠቀሰው ከተማ ደግሞ ዘመዶቻችን የሚኖሩበት ነው። ጅዳ ያለችው አክስቴ ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ስትሞክር አደረች። እዚያ ኔትወርክ አልነበረም። በማግስቱ የአጎቴ ልጅ ፎቶውን ጎግል ሌንስ ላይ አስገብቶ ሲፈልገው፣ ከዓመታት በፊት ሌላ አገር የተነሣ ሆኖ ተገኘ። አክስቴ አልተቆጣችኝም። «እኔ እኮ ያመንኩት አንተ ስለላክኸው ነው» ብቻ ነው ያለችኝ።

ይቺ ንግግሯ እስካሁን አልወጣችልኝም። ስለ ሶሻል ሚዲያና ስለ ፖለቲካ ስናወራ ሁላችንም የምንላቸው፣ እኔም ሳምንባቸው የኖርኩ ነገሮች አሉ። ከዚያ በኋላ አንድ በአንድ ማየት ጀመርኩ።

«ውሸቱን የሚያሰራጩት ቦቶችና ተከፋዮች ናቸው»

ተከፍሎት የሚጽፍ ሰው የለም አልልም። አለ። ግን በአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ በኤምአይቲ ያሉ ተመራማሪዎች ከ2006 እስከ 2017 (እ.ኤ.አ.) ትዊተር ላይ የተዘዋወሩ 126,000 ያህል ወሬዎችን መርምረው ነበር። 3 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች ያሰራጯቸው ናቸው። ውሸቱ ከእውነቱ ይልቅ ለሌላ ሰው የመተላለፍ ዕድሉ በ70 በመቶ ይበልጣል። እውነተኛው ወሬ 1,500 ሰው ጋ ለመድረስ የሐሰቱን ስድስት እጥፍ ያህል ጊዜ ይፈጅበታል። ከዚያ ቦቶቹን፣ ማለትም በሰው ምትክ የሚለጥፉትን ፕሮግራሞች፣ አውጥተው እንደገና አሰሉት። ውጤቱ ያው ሆነ። ቦት እውነቱንም ውሸቱንም እኩል ነው የሚያራግበው። ውሸቱን መርጦ የሚያሯሩጠው ሰው ነው፣ ምክንያቱም ውሸት አዲስ ይመስላል፣ ያስደነግጣል፣ ደንግጠህ ደግሞ ዝም ማለት አትችልም። እኔም ያን ፎቶ የላክሁት ደንግጬ ነው። ማንም አልከፈለኝም።

«የሚታለለው ልጅና ያልተማረ ነው»

በ2016ቱ የአሜሪካ ምርጫ ጊዜ ፌስቡክ ላይ የሐሰት ዜና ያጋሩትን ሰዎች ያጠኑ ተመራማሪዎች፣ ከ65 ዓመት በላይ የሆኑት ከወጣቶቹ ሰባት እጥፍ የሚጠጋ ማጋራታቸውን አገኙ። የትምህርት ደረጃንና የፖለቲካ አቋምን ቢያመሳስሉትም የዕድሜው ልዩነት አልጠፋም። ይሄ የአሜሪካ ነው፣ እኛ ጋ በቀጥታ አይገለበጥም። ግን ዲግሪ ክትባት አይደለም። እኔ ራሴ ዲግሪ አለኝ።

«ውሸት ቢሆን ፌስቡክ ያነሳው ነበር»

ይሄኛው ላይ ትንሽ ልቆይ። በአገራችን ሰው ያስከፈለ ስሕተት ስለሆነ።

ፌስቡክ የምታየውን ነገር የሚደረድርልህ እውነት ነው ወይ ብሎ መዝኖ አይደለም። ሰው ምን ያህል ይነካካዋል፣ ይመልስበታል፣ ያጋራዋል እያለ ነው። ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ልብ፣ ሳቅና ንዴት የሚሉት ምልክቶች ከአንድ ላይክ አምስት እጥፍ ይመዝኑ ነበር። ይህ የታወቀው በ2021 የኩባንያው የውስጥ ሰነዶች ሲወጡ ነው። ንዴት ወደ ዜሮ የወረደው በ2020 መስከረም ላይ ነው። ስለዚህ ለሦስት ዓመት ያህል ያናደደህ ጽሑፍ፣ አንብበህ ደስ ብሎህ ላይክ ካደረግኸው ይልቅ ወደ ብዙ ሰው እንዲሄድ ታግዟል ማለት ነው። እነዚያ ዓመታት ደግሞ እኛ ጋ ምን ዓይነት ዓመታት እንደነበሩ ማንም አይረሳውም። ሰነዶቹን ያወጣችው የቀድሞ የኩባንያው ሠራተኛ ፍራንሲስ ሃውገን በጥቅምት 2021 የአሜሪካ ሴኔት ፊት ቀርባ ስትናገር ኢትዮጵያን በስም ጠቅሳለች።

ቋንቋም አለ። ኩባንያው በዚያው ዓመት በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛና በትግርኛ የሚጻፈውን እንደሚገመግም ገልጾ ነበር። ከ80 በላይ ቋንቋ ያለው አገር ነው ያለን። በአማርኛውም ቢሆን ተረትና ቅኔ አዘል ስድብ፣ ለአንድ ሕዝብ የተሰጠ የሽሙጥ ስም፣ ማሽን አይገባውም። በታኅሣሥ 2022 (እ.ኤ.አ.) ናይሮቢ ፍርድ ቤት የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ከከሰሱት መካከል፣ አባቱ ፌስቡክ ላይ ስማቸው ከጠፋ በኋላ የተገደሉበት ኢትዮጵያዊ አለ። ልጥፎቹ እንዲነሱ ደጋግሞ አመልክቶ እንደነበር ይናገራል። በ2025 ሚያዝያ የኬንያ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሏል። አንድ ጽሑፍ ሳይነሳ መቆየቱ አለመነሳቱን ብቻ ነው የሚነግርህ።

«ጥላቻን ያመጣብን ኢንተርኔት ነው»

ሩዋንዳ ላይ የዘር ማጥፋቱ ሲፈጸም በ1994 (እ.ኤ.አ.) ኢንተርኔት ያለው ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ሬዲዮ ነበር። ኤርቲኤልኤም የሚባለው ጣቢያ ሙዚቃና ቀልድ እያስገባ፣ የሚገደሉ ሰዎችን ስም እየጠራ ያስተላልፍ ነበር። ጥላቻው ከሰው ነው የሚመጣው። የተለወጠው ሌላ ነው። ያኔ ጣቢያው ባለቤት ነበረው፣ ከመሥራቾቹም ሁለቱ በኋላ አሩሻ ላይ በዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ተፈርዶባቸዋል። አሁን ጣቢያው እያንዳንዳችን ኪስ ውስጥ ነው፤ ማን ጀመረው ተብሎ ሲጠየቅ መጀመሪያው አይገኝም።

«ሶሻል ሚዲያ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም»

ይህን የሚል ሰው ዞን ዘጠኝ የተባሉትን ጦማሪዎች ያስታውስ። ቃሊቲ እስር ቤት ስምንት ዞን አለው፤ ዘጠነኛው ዞን ከግንቡ ውጭ ያለነው ነን ብለው ነው ስሙን ያወጡት። «ስለሚያገባን እንጦምራለን» ይሉ ነበር። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ስድስቱ ጦማሪዎች ከሦስት ጋዜጠኞች ጋር ታሰሩ፣ በሽብር ተከሰሱ። ከፊሎቹ በሐምሌ 2007 ክሳቸው ተነስቶ ተፈቱ፣ የቀሩት በጥቅምት 2008 ከሽብር ክሱ ነጻ ወጡ። ለጻፉት ነገር ከአንድ ዓመት በላይ ታስረው ማለት ነው። በሰኔ 2010 ደግሞ መንግሥት ዘግቷቸው የነበሩ 264 ድረ ገጾችንና ብሎጎችን ከፈተ። ጥቅም የሌለውን ነገር ማንም ያን ያህል ደክሞ አይዘጋውም።

«ኢንተርኔት ቢዘጋ ወሬው ይቆማል»

አይቆምም። አይተነዋል።

በግንቦት 2008 የ12ኛ ክፍል ፈተና ሾልኮ ፌስቡክ ላይ ወጣ፣ ፈተናው ተሰረዘ። ሐምሌ ላይ ዳግም ሲሰጥ ሶሻል ሚዲያ ተዘጋ። በሰኔ 2012 ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠ፣ ሦስት ሳምንት ገደማ ቆየ። ሰው የሞተው፣ ንብረት የወደመው ግን ኢንተርኔት ተቋርጦ ሳለ ነው። ትግራይ ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ኢንተርኔቱ ተቋርጦበት፣ ስልኩም አብዛኛውን ጊዜ ተዘግቶበት ሁለት ዓመት ያህል ኖረ፣ ስለ ትግራይ የሚነዛው ወሬ ግን አንድም ቀን አልተቋረጠም። ውጭ ያለነው ሁሉ እንደየስሜታችን ስንጽፍ ነበር፣ እዚያ ያለው ሰው «አይደለም፣ እንዲህ ነው የሆነው» ማለት ሳይችል። ግብፅም በጥር 2011 (እ.ኤ.አ.) መስመሩን ስትዘጋ፣ ቤቱ ተቀምጦ ይከታተል የነበረ ብዙ ሰው ምን እንደሆነ ለማየት አደባባይ ወጣ። ፕሬዚዳንቱ ሙባረክ ከሁለት ሳምንት በኋላ ወረዱ።

የመዝጋት ችግሩ ይሄ ነው። ወሬ በአፍም፣ በስልክም፣ ከውጭ በሳተላይት ቴሌቪዥንም ይደርሳል። የሚቋረጠው ማስተባበያው ነው። አክስቴ ያን ሌሊት ያጣችው አንድ «ደኅና ነን» የሚል ድምፅ ነበር።

«ፌስቡክ ላይ የሚጮኸው ሕዝቡ ነው»

በ2024 ግምት ኢንተርኔት የሚጠቀመው ኢትዮጵያዊ ከአምስት አንዱ ገደማ ነው። ከእነዚያም ስለ ፖለቲካ የሚጽፈው ጥቂቱ። ገበሬው፣ ገጠር ያለችው እናት፣ ጉሊት የምትቸረችረው ሴትዮ እዚያ የሉም። ሆኖም ባለሥልጣኑም ጋዜጠኛውም ጠዋት ተነስቶ መጀመሪያ የሚያየው ያንኑ ስለሆነ፣ የጥቂቱ ጩኸት የአገር አጀንዳ ይሆናል። እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ያልተሰማው ሰው ይበልጥ እየራቀ ነው።

«እኔ ሼር ብቻ ነው ያደረግሁት»

የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ውስጥ ማሰራጨት የሚለው ቃል ላይክ ማድረግንና ታግ ማድረግን አይጨምርም። ሼርን ግን ነጻ አላወጣም። ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨት እስከ አንድ ዓመት እስር ወይም እስከ 50,000 ብር ያስቀጣል፣ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከሆነ እስከ ሦስት ዓመት ወይም 100,000 ብር። እውነቱን ለመናገር፣ ይህን አዋጅ ባለሥልጣን የማይወደውን ሰው ሊመታበት ይችላል ብዬ እሰጋለሁ። ግን አንድ ጥሩ አንቀጽ አለው። እውነትነቱን ለማጣራት በሁኔታው የሚጠበቀውን ጥረት ያደረገ ሰው አይጠየቅም ይላል።

ጥረቱ ደግሞ ከባድ አይደለም። ፎቶውን ጎግል ሌንስ ላይ ማስገባት። ቀኑን ማየት። ሌላ ማን እንደዘገበው መፈለግ። እዚያው ከተማ ያለ ሰው ጋ መደወል። ቪዲዮ ከሆነ የመኪናውን ታርጋ፣ የሱቁን ጽሑፍ፣ ሰዎቹ የሚናገሩትን ቋንቋ ልብ ማለት።

በኛ ግሩፕ አሁን አንድ ነገር ለምዶብናል። አንድ ሰው የሚያስደነግጥ ነገር ሲልክ ከየት እንዳገኘው አብሮ ይጽፋል። ካልጻፈ አክስቴ ከጅዳ ሌላ ምንም ሳትጨምር «ከየት ነው?» ብላ ትጠይቃለች። ብዙ ጊዜ መልስ ሳይመጣ ፎቶው ይጠፋል።