በደቂቃ ልክ የተሰፋ መሥሪያ ቤት፦ የከተማ እሳት አደጋና ድንገተኛ ሕክምና አደረጃጀት

የከተማ እሳት አደጋና ድንገተኛ ሕክምና መሥሪያ ቤት እሳት የማጥፋት፣ አደጋ ውስጥ የገቡ ሰዎችን የማውጣትና ሕሙማንን ከወደቁበት አንሥቶ እያከሙ ሆስፒታል የማድረስ ሥራዎችን በአንድ አመራር ሥር የያዘ ተቋም ነው። በወረቀት ላይ ሲታይ ከሌላው መሥሪያ ቤት ብዙም አይለይም፤ ዋና ኃላፊ፣ ምክትሎች፣ መምሪያዎችና ቅርንጫፎች አሉት። የሚለየው መዋቅሩ የተሰፋበት ልክ ነው። ልኩ ደቂቃ ነው። ልቡ በድንገት የቆመ ሰው ደረቱን የሚጫንለትና ልቡን በኤሌክትሪክ የሚቀሰቅስለት እስኪደርስ ድረስ፣ በየደቂቃው የመዳን ዕድሉ ከ7 እስከ 10 በመቶ እያነሰ ይሄዳል። ስፖንጅና ፕላስቲክ በሞላበት ሳሎን የተነሣ እሳትም በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ክፍሉን ከወለል እስከ ጣሪያ በአንድ ጊዜ ወደሚያጋይበት ደረጃ ይደርሳል። ጣቢያ የት ይተከል፣ ስንት ሰው ይደር፣ ተሽከርካሪው ምን ይጫን የሚሉት ጥያቄዎች ሁሉ መልሳቸውን የሚያገኙት ከእነዚህ ሁለት የደቂቃ ልኮች ነው።

ሁለቱ ሥራዎች የተገናኙበት መንገድ

ከተማን በቀጣና ከፍሎ ለየቀጣናው ተረኛ መመደብ ጥንታዊ ዘዴ ነው። አውግስጦስ ቄሣር እ.ኤ.አ. በ6 ዓ.ም. ቪጊሌስ የተባለ፣ ሌሊት ከተማዋን የሚጠብቅና እሳት የሚያጠፋ ኃይል በሮም አቋቋመ። በመጀመሪያ የተመለመሉት ከባርነት ነጻ የወጡ ሰዎች ነበሩ። 14ቱ የከተማዋ ወረዳዎች ለ7 ሻለቆች ተከፋፍለው፣ አንዱ ሻለቃ ሁለት ወረዳ ይዞ ያድር ነበር። ዛሬም የአንድ ትልቅ ከተማ የጣቢያዎች ካርታ ሲታይ መሠረቱ ይኸው ነው።

ሥልጠናና የሥራ ሥርዓት ግን ብዙ ቆይተው የመጡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1824 ኤድንብራ ውስጥ ጄምስ ብሬድዉድ የተባለ ወጣት የከተማዋን የእሳት አደጋ ኃይል እንዲመራ ተሾመ። ጣሪያ ሠሪዎችን፣ አናጢዎችንና ግንበኞችን እየመረጠ ቀጠረ፤ ቤት እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው እንዴት እንደሚፈርስም ያውቃልና። ከውጭ ቆሞ ጭሱ ላይ ውሃ መርጨት ትርፉ ድካም መሆኑን አስተምሮ፣ ሰዎቹን ወደ እሳቱ ምንጭ ማስገባት ጀመረ። በኋላ የለንደንን ኃይል ሲመራ፣ እ.ኤ.አ. በ1861 በቱሊ መንገድ በተነሣው ቃጠሎ ግድግዳ ተደርምሶበት ሞተ። የዘመናዊ እሳት ማጥፋት አባት የሚለው ስም ለእሱ ከተገባው በላይ አይደለም።

አምቡላንሱ የመጣው በሌላ በር ነው። እስከ እ.ኤ.አ. 1960ዎቹ ድረስ በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ሕመምተኛን የሚያመላልሱት የቀብር አስፈጻሚ ድርጅቶች ነበሩ፤ ምክንያቱ ሰው ተኝቶ የሚጫንበት መኪና ያላቸው እነሱ ብቻ መሆናቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 ፍራንክ ፓንትሪጅ የተባለ የቤልፋስት የልብ ሐኪም ዲፊብሪሌተር የተባለውን፣ ልብን በኤሌክትሪክ የሚቀሰቅስ መሣሪያ በመኪና ባትሪ እንዲሠራ አድርጎ አምቡላንስ ላይ ጭኖ ወደ ሕመምተኛው ቤት መሄድ ጀመረ። መሣሪያው 70 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝን ነበር። በዓመቱ ፒትስበርግ ውስጥ ፍሪደም ሃውስ በተባለው አገልግሎት፣ ከድሃ ሰፈር የወጡ ጥቁር አሜሪካውያን በሐኪሙ ፒተር ሳፋር መሪነት ሠልጥነው ከዘመኑ አምቡላንሶች ሁሉ የላቀ ሕክምና መንገድ ላይ ሰጡ። የፓራሜዲክ፣ ማለትም ሐኪም ሳይሆን ከፍ ያለ ድንገተኛ ሕክምና በቦታው የሚሰጥ ባለሙያ፣ ሥራ ሲነሣ ስማቸው አብሮ ሊነሣ የሚገባ ሰዎች ናቸው።

ሁለቱን ሥራዎች በግልጽ ያጋባችው ሲያትል ናት። ሐኪሙ ሊዮናርድ ኮብና የእሳት አደጋው አዛዥ ጎርደን ቪከሪ ተማክረው፣ እ.ኤ.አ. በ1970 የሠለጠኑ የእሳት አደጋ ሠራተኞች የልብ ሕመምተኞችን እንዲያክሙ አሰማሩ። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ጣቢያዎቹ በከተማው ሁሉ ተበትነዋል፤ ሰዎቹ ሌሊትና ቀን ነቅተው ይጠብቃሉ፤ የጎደለው የሕክምና ዕውቀት ብቻ ነው።

ሁሉም ከተማ ግን ይህን መንገድ አልተከተለም። ኒው ዮርክ አምቡላንሷን ከእሳት አደጋ መሥሪያ ቤቷ ጋር ያዋሐደችው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። በቶኪዮ፣ በሆንግ ኮንግና በበርሊን ሁለቱ አገልግሎቶች አንድ ቤት ይኖራሉ፤ በለንደን ተለያይተው ይኖራሉ። የፓሪስ እሳት አጥፊዎች ናፖሊዮን እ.ኤ.አ. በ1811 ካቋቋማቸው ጀምሮ ወታደሮች ናቸው። ፈረንሳይ ለከባድ ሕመም ሐኪሙን ራሱን በመኪና ትልካለች፤ አሜሪካና ብሪታንያ ግን በአብዛኛው ፓራሜዲክ ልከው ሕመምተኛውን ወደ ሐኪሙ ያመጣሉ።

የጥሪው ክፍል

ስለ እሳት አደጋ ሲወራ የሰው ዓይን የሚሄደው ወደ ቀዩ መኪና ነው። የመሥሪያ ቤቱ የመጀመሪያ አዳኝ ግን የጆሮ ማዳመጫ አድርጎ ስክሪን ፊት የተቀመጠው ጥሪ ተቀባይ ነው። አጭር የአደጋ ስልክ ቁጥር ለንደን ውስጥ 999 ተብሎ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1937 ሲሆን፣ በአሜሪካ የመጀመሪያው የ911 ጥሪ የተደረገው በ1968 በሄሊቪል፣ አላባማ ነው። ጥሪ ተቀባዩ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ምን እንደሆነ አይደለም፤ የት እንደሆነ ነው። ስልኩ ቢቋረጥ እንኳ አድራሻው የታወቀ ሰው ረዳት ይደርስለታል።

ቀጥሎ በተዘጋጀ የጥያቄ ቅደም ተከተል ሕመምተኛው ይሰማ እንደሆነ፣ በደንብ ይተነፍስ እንደሆነ ያጣራል። መልሱ አይደለም ከሆነ፣ ባልደረባው አምቡላንሱን ሲያሰማራ እሱ በስልክ ማከም ይጀምራል። «መሬት ላይ በጀርባው ያስተኙት። መዳፍዎን ደረቱ መካከል ያድርጉ። በኃይልና በፍጥነት ይጫኑ፤ ከእኔ ጋር ይቁጠሩ።» ተሽከርካሪው ገና ከጣቢያው በር ሳይወጣ ሕክምናው ተጀምሯል ማለት ነው። በጀት ሲቀነስ መጀመሪያ የሚነካው ይህ ክፍል የሚሆንባቸው ከተሞች ቅርንጫፉን ሳይሆን ሥሩን እየቆረጡ ነው።

ጣቢያውና ተሽከርካሪዎቹ

ሜዳ ላይ የሚሠራው ትልቁ ክፍል የኦፕሬሽን መምሪያ ነው። ጥቂት ጣቢያዎች በአንድ የቀጣና አዛዥ ሥር ይሰባሰባሉ፤ በጣቢያው ውስጥ ደግሞ እያንዳንዱ ተሽከርካሪ የራሱ ሹም አለው። በሰሜን አሜሪካ ለቋሚ ተቀጣሪ እሳት አጥፊዎች የወጣው ደረጃ፣ ሠራተኞቹ ለእሳት ጥሪ በ80 ሰከንድ፣ ለሕክምና ጥሪ በ60 ሰከንድ ውስጥ ተነሥተው እንዲንቀሳቀሱ፣ የመጀመሪያው ተሽከርካሪም በ4 ደቂቃ ጉዞ ውስጥ እንዲደርስ ይጠይቃል። የ20 ሰከንዱ ልዩነት ለእሳት የሚለበሰው ከባድ ልብስ የሚወስደው ጊዜ ነው።

ውሃ የሚገፋው ዋናው ተሽከርካሪ በተለምዶ አራት ሰው ይይዛል፤ ሹሙን፣ ፓምፑንም የሚያንቀሳቅሰውን ሾፌርና ሁለት እሳት አጥፊዎችን። አራት የሆነበት ምክንያት አለው። ሁለቱ ወደ ጭሱ ሲገቡ፣ ሁለት ሰዎች ለብሰውና ታጥቀው በር ላይ መቆም አለባቸው፤ የገቡት ቢወድቁ የሚያወጧቸው እነሱ ናቸው። ስለዚህ በጀት አጠረ ተብሎ ከአራቱ አንዱ ሲቀነስ፣ የቀሩት ሦስቱ ሌላ ተሽከርካሪ እስኪደርስ በር ላይ ቆመው መጠበቅ ወይም ያለ ጠባቂ መግባት ይኖርባቸዋል። በጀርባቸው የሚያዝሉትን ሲሊንደር ብዙ ሰው ኦክስጅን ይለዋል፤ በውስጡ ያለው ግን የተጨመቀ ተራ አየር ነው። የ30 ደቂቃ ነው የሚባለው ሲሊንደር ደረጃ እየወጣ፣ ቱቦ እየጎተተ፣ ሰው እየተሸከመ ለሚሠራ ሰው ያን ያህል አይቆይም። ለባሹ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ሳይንቀሳቀስ ከቀረ ደግሞ ከመሣሪያው ጋር የተያያዘ ማንቂያ በራሱ ይጮኻል።

ከዚህ ሌላ የመሰላል ተሽከርካሪ፣ የተጨራመቀ መኪና ቆርጦ ሰው የሚያወጣ የነፍስ አድን ቡድን፣ የኬሚካል አደጋ ቡድን፣ የሃይድራንት (የመንገድ ዳር የእሳት ማጥፊያ ውሃ መቅጃ) መሥመር በሌለበት ሰፈር ውሃ የሚያመላልስ ቦቴ ይኖራሉ። ሁሉም በአንድ ቦታ ሲገናኙ የሚመሩበት ሥርዓት ካሊፎርኒያን እ.ኤ.አ. በ1970 ካቃጠለው ሰደድ እሳት በኋላ የተቀረጸ ነው። አዛዡ አንድ ነው፤ መጀመሪያ የደረሰው ሹም ኃላፊነቱን ይይዛል፣ የበላዩ ሲመጣ በቃል አስረክቦ ይለቃል። አንድ ሰው በቀጥታ የሚያዛቸው ሰዎች ከ3 እስከ 7 ቢሆኑ ነው፤ 5 ይመረጣል።

የሕክምናው ክንፍ

አምቡላንሱ ላይ በአብዛኛው ሁለት ሰዎች አሉ። መሠረታዊ ሥልጠና ያለው ባለሙያ ደም ያቆማል፣ ኦክስጅን ይሰጣል፣ የተሰበረ አጥንት ያስራል፣ ዲፊብሪሌተር ይጠቀማል። ፓራሜዲኩ ከዚህ አልፎ በደም ሥር መድኃኒት ይሰጣል፣ የልብ ምት ሥዕል ያነባል፣ የመተንፈሻ ቱቦ ያስገባል። ይህን የሚያደርገው የመሥሪያ ቤቱ የሕክምና ዳይሬክተር የሆነ ሐኪም አስቀድሞ በጻፈው መመሪያ ነው።

በአሜሪካ ከተሞች ለእሳት አደጋ መሥሪያ ቤቶች ከሚደርሱ ሦስት ጥሪዎች ሁለቱ ያህሉ የሕክምና ናቸው። ይሁንና በብዙ የተዋሐዱ መሥሪያ ቤቶች ሕክምናው እንደ እንጀራ ልጅ ሲታይ ኖሯል፤ ሹመቱም ታሪኩም የእሳቱ ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚሮጠው ግን አምቡላንሱ ነው። ውሕደት ተሳካ የሚባለው የደመወዝ እርከኑና የዕድገት መሰላሉ ለሁለቱም እኩል ሲከፈት ይመስለኛል።

ሳይነድ የሚሠራው ሥራ

የቅድመ መከላከል መምሪያው ሕንፃ ይመረምራል፣ የአደጋ መውጫዎችን ይፈትሻል፣ የቃጠሎ መንሥኤ ያጣራል። ዋጋውን ያስተማረው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1911 በኒው ዮርክ የትራያንግል የልብስ ፋብሪካ የደረሰው ቃጠሎ ነው። እሳቱ በ8ኛው ፎቅ ተነሥቶ ወደ 9ኛውና 10ኛው ወጣ። እሳት አጥፊዎቹ ፈጥነው ደርሰው ነበር፤ መሰላላቸው ግን ከ6ኛው ፎቅ አላለፈም። በ9ኛው ፎቅ አንደኛው የመውጫ በር ተቆልፎ ነበር። 146 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ነበሩ። በዚያው ዓመት በወጣ ሕግ በከተማዋ የእሳት መከላከል ቢሮ እንዲቋቋም ተወሰነ። ያ በር አስቀድሞ በአንድ ተቆጣጣሪ ቢከፈት ኖሮ፣ የተቆጣጣሪውን ስም ማንም አያነሣውም ነበር።

ፈረቃው

ብዙ መሥሪያ ቤቶች ሠራተኛውን በሦስት ቡድን ከፍለው 24 ሰዓት ያሠራሉ፣ 48 ሰዓት ያሳርፋሉ። የአምቡላንስ ሠራተኞችን ግን ጥሪው ስለማያስተኛቸው በ12 ሰዓት ፈረቃ የሚያሠሩ ብዙ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2022 የእሳት አጥፊነትን ሥራ ካንሰር አምጪ መሆናቸው ከተረጋገጠ ነገሮች ተርታ መደበው። ድሮ ጥላሸት የጠጣ ልብስ የጀግንነት ምልክት ነበር፤ አሁን ልብሱ እዚያው ቃጠሎው ቦታ ተቦርሾና ታጥቦ፣ በከረጢት ታሽጎ ይመለሳል፣ ከመኝታና ከምግብ ክፍልም ይርቃል።

ጠዋት ፈረቃ ሲቀየር ወጪው ቡድን ሌሊቱ እንዴት እንዳለፈ ለገቢው ይነግራል። ገቢዎቹ የአየር ሲሊንደሮቹን ግፊት አንድ በአንድ ያነባሉ፣ ፓምፑን ያስነሣሉ፣ የዲፊብሪሌተሩን ባትሪ ይፈትሻሉ፣ የመድኃኒት ሣጥኑን ማሸጊያ ቁጥር ከመዝገቡ ጋር ያመሳክራሉ። ጥሪ ከገባ መዝገቡ ተከፍቶ ይቀራል።