የላስታ ክብ ቤቶች

የላስታ ክብ ቤት በሰሜን ወሎ፣ በላሊበላ ከተማ፣ ከውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ አጠገብ የሚገኝ ባለደርብ የድንጋይ መኖሪያ ነው። ስፍራው እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የዩኔስኮ መግለጫም እነዚህን ቤቶች ያነሳቸዋል። እንግዳው ግን አንገቱን ደፍቶ አብያተ ክርስቲያናቱ ወደተፈለፈሉበት ጉድጓድ ሲያይ ዝም ብሎ ያልፋቸዋል። ያሳዝናል።

ቤተ ክርስቲያኑ አለት ተፈልፍሎ ወጣ። ቤቱ ደግሞ ያንኑ ቀይ ድንጋይ በመደርደር ቆመ። ግድግዳው በጭቃ እየተያያዘ ክብ ሆኖ ይነሳል። ተደግፎት የቆመ ሰው ትከሻው ላይ ቀይ አቧራ ይዞ ይሄዳል። ምድር ቤቱ አብዛኛውን ጊዜ የከብትና የዕቃ ነው፤ ሰው የሚኖረው ደርቡ ላይ ነው። ደረጃው በውጭ በኩል ነው፤ እሱም ድንጋይ። ጣሪያው ወጋግራ ላይ የተከደነ ሳር ነው። ከተማዋ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች የሌሊቱ ብርድ አይቻልም። ታች ያደሩት ከብቶች ሙቀት ላይ ላለው ሰው ይተርፋል። የላስታ ሰው ብልሃት እንዲህ ነው!

ፖርቹጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. እዚህ መጥቶ ስለ አብያተ ክርስቲያናቱ ከጻፈ በኋላ፣ የሚያምነኝ አይኖርም ብሎ ሰግቷል።

ከውቅሮቹም ውስጥ መጀመሪያ ቤት ነበሩ የሚባሉ አሉ። ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ቤተ መንግሥት ሳይሆን አይቀርም የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። ባህሉ ግን 11ዱንም የቅዱስ ላሊበላ ሥራ ያደርጋቸዋል፤ አገሬው ይህን አይጠራጠርም።

ለቅርሱ ጥበቃ ሲባል በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ የነበሩ ብዙ ነዋሪዎች ወደ ሌላ ሰፈር ከተዛወሩ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗል። ቤቶቹ ከነግድግዳቸው ቀሩ፣ እሳት ግን የለባቸውም። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የሳር ክዳን ጭስ ይወዳል። ከታች ምድጃ ሲነድ ጭሱ ሳሩን ያደርቀዋል፣ ተባዩንም ያርቃል። ሰው ያልገባበት ቤት ሳሩ ቶሎ ይበሰብሳል። ከዚያ ዝናብ ይገባል፣ ጭቃው ይሟሟል፣ ድንጋዩ ይንሸራተታል።

ለማየት የሚመጣ ሰው ከመገንጠያዋ ከተማ ከጋሸና 60 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ይቀረዋል። ታኅሣሥ 29 ከተማዋ በምእመን ስለምትጨናነቅ፣ ቤቶቹን ረጋ ብሎ ማየት የሚሻ ከገና በኋላ ይምጣ። ሲመጣም ከደረጃው ሥር ቆሞ ቀና ይበል፤ የጠቆረ ሳር ካየ፣ እዚያ ቤት ውስጥ ብዙ እሳት ነድዷል።