የጥናታዊ ጽሑፍ ምንጭ አጠቃቀስ በሐረርና በድሬዳዋ

ምንጭ መጥቀስ አንድ አጥኚ ሐሳቡን፣ አኃዙን ወይም ቃሉን ከማን እንደወሰደ በጽሑፉ መካከል ባጭሩ አመልክቶ፣ ሙሉ ዝርዝሩን በመጨረሻ ከዋቢ ጽሑፎች ጋር የሚያሰፍርበት ሥርዓት ነው። በማኅበራዊ ሳይንስ የሚዘወተረው የአሜሪካ ሳይኮሎጂ ማኅበር ስልት (ኤ.ፒ.ኤ.) የጸሐፊውን ስምና የኅትመቱን ዓመት በቅንፍ ያስቀምጣል፤ በሕክምና የተለመደው የቫንኩቨር ስልት ምንጮችን በቁጥር ይጠራል፤ የታሪክ ሰዎች የግርጌ ማስታወሻን ይመርጣሉ።

የነጥብና የሰረዝ አቀማመጥ መመሪያ ከፍቶ የሚታይ ነገር ነው። በሐረርና በድሬዳዋ ለሚያጠና ሰው የሚከብደው ስምና ዘመን ነው። ስልቶቹ የቤተሰብ ስም ባላቸው አገሮች ስለተቀረጹ የመጨረሻውን ስም ያስቀድማሉ፤ የኢትዮጵያዊ ሁለተኛ ስም ግን የአባቱ ነው። አህመድ ዩሱፍ የጻፈውን «ዩሱፍ» ብሎ መጥቀስ የልጁን ድካም ለአባቱ መስጠት ነውና፣ ስሙን ሳይገለብጡ ሙሉውን መጻፍ በኢትዮጵያ ጥናት የቆየና ትክክለኛ ልማድ ነው። ዞቴሮን በመሰለ የዋቢ ማደራጃ ሶፍትዌርም ሁለቱን ስም በአንድ ሳጥን ካስገቡት አይገለበጥም።

ዘመን ይበልጥ ያሳስታል። ሐረር በምኒልክ እጅ የወደቀችበት የጨለንቆ ጦርነት በኢትዮጵያ አቆጣጠር 1879፣ በአውሮፓውያን 1887፣ በሒጅራ ደግሞ 1304 ነው፤ የሐረርን ታሪክ የሚያጠና ሰው ሦስቱንም ሊያገኝ ይችላል። በእኛና በአውሮፓውያን ዘመን መካከል ያለው ልዩነት እንደ ወሩ 7 ወይም 8 ዓመት ስለሆነ፣ ወሩ ያልታወቀ የ2012 ዓ.ም. መጽሐፍ እ.ኤ.አ. የ2019ም የ2020ም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዓመቱን መጽሐፉ ላይ እንደታተመ ጽፎ የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ማመልከት በግምት ከመቀየር ይሻላል።

በሐረር በሙዚየምና በግል እጅ የሚገኙት የዐረብኛና የሐረሪ የእጅ ጽሑፎች ብዙውን ጊዜ የገጽ ቁጥር ስለሌላቸው፣ የሚገኙበት ስብስብ፣ መለያ ቁጥራቸው፣ የቅጠሉ (የወረቀቱ) ተራና ፊቱ ወይም ጀርባው ይጠቀሳል። የቃል መረጃን በተመለከተ ኤ.ፒ.ኤ. አጥኚው ያደረገውን ቃለ መጠይቅ አንባቢ ሊያገኘው ስለማይችል በጽሑፉ ውስጥ ብቻ እንዲጠቀስ ያዛል። ብዙው ታሪክ በሽማግሌዎች ትዝታ ባለበት በሐረር ግን፣ ፈቃዳቸውን የሰጡ መረጃ ሰጪዎችን ስም፣ ዕድሜ፣ ቃለ መጠይቁ የተደረገበትን ቦታና ቀን በተለየ ዝርዝር የሚያኖረው የአገራችን የታሪክ ጥናት ልማድ ለእነርሱም ለአንባቢም የተሻለ ነው።