«ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው»፦ የአባባሉ ምንጭና የተረሳው ግማሹ

ጎንደር ውስጥ ይህን አባባል ሳይሰሙ መክረም ይከብዳል። ቅዳሜ ገበያ ላይ ገዥና ሻጭ በበሬ ዋጋ ሲከራከሩ ቆይተው ሊስማሙ ሲቃረቡ ደላላው ጣልቃ ይገባል። «በሉ እንጂ፣ ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው!» ይላቸዋል። ለጋብቻ የተላኩ ሽማግሌዎችም የልጅቷ አባት ፊታቸው ፈካ ሲል ካዩ፣ አንዱ ሌላውን ጎሸም ያደርገዋል። «አያ፣ ዛሬውኑ ቀን እናስቆርጥ፣ ብረት እንደጋለ ነው» ይለዋል። ፒያሳ ቡና ይዘው ስለ ሥራ የሚያወሩ ወጣቶችም ይሉታል።

ትርጉሙ ለሁሉም ግልጽ ነው። ነገሩ በተመቸበት ሰዓት ጨርሰው፣ ካለፈህ አታገኘውም ነው። እኔ ግን ይህ የአባባሉ ግማሽ ነው ባይ ነኝ። ሌላውን ግማሽ ለማግኘት አባባሉ ወደ ተወለደበት ቀጥቃጭ ቤት መግባት ያስፈልጋል።

ቀዝቃዛ ብረት ግትር ነው። ንጹሕ ብረት 912 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ሲደርስ የአተሞቹ አደራደር ይለወጣል። በዚያ ሙቀት ላይ ብረቱ ለስላሳ ነው፣ መዶሻው ወደ ፈለገው ይሄዳል። የእኛ ቀጥቃጭ ሙቀት መለኪያ የለውም፣ የሚያየው ቀለሙን ነው። ጥቁር ቀይ ከሆነ ገና ነው። ደማቅ ብርቱካናማ ከሆነ ደርሷል። ነጭ ሆኖ ብልጭታ መትፋት ከጀመረ ደግሞ እየተቃጠለ ነው፣ ያ ብረት ተበላሸ። ቀጥቃጭ ጥላ ቦታ የሚመርጠውም ለዚህ ነው። ፀሐይ ላይ የጋለ ብረት ቀለም አይለይም።

ብረቱ ከእሳት ወጥቶ መስፉ ላይ ካረፈ በኋላ ያለው ጊዜ አጭር ነው። ስስ ማጭድ ከሆነማ ወዲያው ይጠቁራል። በዚያች ሰዓት «መዶሻዬን የት ጣልኩት?» ማለት የለም። ጉጠቱ በግራ፣ መዶሻው በቀኝ፣ የሚመታውም ቦታ አስቀድሞ ታስቦበት መገኘት አለበት። ከቀዘቀዘ በኋላ በግድ የሚቀጠቅጥ ሰው ብረቱን ይሰነጥቀዋል። ወደ እሳት መልሶ ማጋል ይቻላል። ግን እያንዳንዱ መመለስ ከሰል ይበላል፣ የብረቱም ገጽ እየተቀረፈ ይሳሳል።

ያ የተረሳው ግማሽ ያለው እዚህ ነው። ብረቱ በራሱ አልጋለም። ጥግ ይዞ የቆዳ ወናፉን ሁለት እጁን እያፈራረቀ የሚነፋ ሰው አለ። ብዙ ጊዜ የቀጥቃጩ ልጅ ነው። መዶሻው ጥቂት ሲመታ ወናፉ ረጅም ጊዜ ይነፋል። እኛ ግን አባባሉን ስንጠቅስ የሚታየን መዶሻው ብቻ ነው።

ጎንደር ላይ ይህ መረሳት የበለጠ ይከነክነኛል። በአካባቢያችን ለብዙ ዘመን ብረት ሲቀጠቅጡ ከኖሩት መካከል ዋነኞቹ ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ። በነገሥታቱ ዘመን ርስታቸውን ሲያጡ በእጅ ሥራ መኖር ግድ ሆነባቸው። ወንዱ ብረት ሲቀጠቅጥና ሲያንጽ፣ ሴቷ ሸክላ ትሠራ ነበር። ገበሬው የሚያርስበትን ማረሻ፣ የሚያጭድበትን ማጭድ እነሱ ሠሩለት። እሱ ግን «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እያለ ሰደባቸው። ነገሩ በሌሎች ባለሙያዎችም ላይ የከፋ ስለነበር አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል። ዛሬ ከከተማው ወጣ ብላ የምትገኘው ወለቃ የምትታወቀው በሸክላዋ ነው። አብዛኞቹ ቤተ እስራኤላውያን በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ታላላቅ ጉዞዎችና ከዚያ ወዲህ ወደ እስራኤል ሄደዋል። ከቀጥቃጭ እሳት የወጣውን አባባል እኛ በየቀኑ እንጠቀምበታለን። ምንጩ ሲነገር እነሱም ሊነሱ ይገባል ብዬ አምናለሁ።

እንዲህ ያለ አባባል በሌላውም ዓለም አለ። ብረት የትም አገር ሲጋል ይለሰልሳልና። ግን ሁለቱንም ግማሾች በአንድ ሰው ሕይወት ላይ ላሳይ ብል፣ ቀድሞ የሚመጣልኝ አሜሪካዊው ቻርልስ ሽዋብ ነው።

ሽዋብ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1862 በፔንሲልቬንያ ነው። ያደገው ሎሬቶ በምትባል ትንሽ መንደር ሲሆን፣ አባቱ ፈረስና ጋሪ እያከራዩ ይኖሩ ነበር። ልጁ ብራዶክ ከተማ ሄዶ ሱቅ ተቀጠረ። የአንድሩ ካርኔጊ የብረት ፋብሪካ እዚያው ከተማ ነበር። ሱቁ ውስጥ ከፋብሪካው አለቃ ከቢል ጆንስ ጋር ተዋወቀና ሥራ ጠየቀው። የቀያሾችን ካስማ እየተሸከመ በቀን አንድ ዶላር ይከፈለው ጀመር።

ወናፉን መንፋት የጀመረው ያኔ ነው። ቀን ይሠራል፣ ማታ ይማራል። ካገባ በኋላ ቤቱ ውስጥ ትንሽ የኬሚስትሪ ላቦራቶሪ አደራጀ። በዚያ ዘመን የካርኔጊ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት የቤሰመር ዘዴ በቀለጠ ብረት ውስጥ አየር በኃይል እየነፋ፣ በ20 ደቂቃ ገደማ ጥሬ ብረትን ወደ ስቲል ይለውጥ ነበር። መቼ ማቆም እንዳለበት የሚወስነው ሠራተኛ የሚያየው የእሳቱን ነበልባል ቀለም ነው። ሽዋብ ይህን ሁሉ በቅርብ አየ። ቢል ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1889 በእቶን ፍንዳታ ሲሞት፣ በ27 ዓመቱ የብራዶክን ፋብሪካ እንዲመራ ተሾመ። እ.ኤ.አ. በ1897 የመላው የካርኔጊ ስቲል ፕሬዝዳንት ሲሆን ገና 35 ዓመቱ ነበር።

ከዚያ ያቺ ምሽት መጣች፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1900 እ.ኤ.አ.። በኒውዮርክ ከተማ ለሽዋብ ክብር የእራት ግብዣ ተደረገ። ታላቁ የባንክ ባለቤት ጆን ፒየርፖንት ሞርጋንም ተገኝቶ ነበር። ሽዋብ ተነሣና ስለ ብረት ኢንዱስትሪው መጪ ጊዜ ተናገረ። ፋብሪካዎች በአንድ ጥላ ሥር ቢሆኑና እያንዳንዱ አንድ ዓይነት ምርት ላይ ቢያተኩር ወጪው ምን ያህል እንደሚቀንስ አስረዳ። ሞርጋን ከእራቱ በኋላ ለብቻው ወስዶ አነጋገረው።

ብረቱ ያን ምሽት ለምን ጋለ? ካርኔጊ 65 ዓመቱ ነው፣ ማረፍ ይፈልጋል። በሌላ በኩል ደግሞ የብረት ቱቦ ፋብሪካ ሊሠራ አቅዶ፣ ሞርጋን ገንዘቡን ያፈሰሰባቸውን ኩባንያዎች ሊጥል ነው። ሁለቱም ወገን ስምምነት ያስፈልገዋል፣ መጀመሪያ የሚናገር ግን የለም። ሽዋብ ደግሞ ወደ 20 ዓመት የሰበሰበው እውቀት ስላለው የሚናገረው ነገር አላጣም። ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። ሽዋብ ካርኔጊን ጎልፍ ሜዳ ላይ አግኝቶ ጉዳዩን አነሳለት። ካርኔጊ ዋጋውን ወረቀት ላይ በእርሳስ ጻፈው፣ 480 ሚሊዮን ዶላር። ሞርጋን አየውና ተቀበለ። እ.ኤ.አ. በ1901 ዩ.ኤስ. ስቲል 1.4 ቢሊዮን ዶላር በሚደርስ ካፒታል ተመሠረተ፣ የመጀመሪያው ፕሬዝዳንትም ሽዋብ ሆነ።

ያንን ሀብት ያጋሉት ሌሎች እጆችም ግን ነበሩ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1892 የካርኔጊ የሆምስቴድ ፋብሪካ ሠራተኞች ደመወዛቸው ሲቀነስ ተቃወሙ። ኩባንያው 300 ያህል የታጠቁ ቅጥር ጠባቂዎች አመጣ። ግጭቱ ቢያንስ 10 ሰው ገደለ፣ ማኅበራቸውም ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ፋብሪካውን እንዲያረጋጋ የተላከው ሽዋብ ነበር። ሰው አቀራረብ ያውቅበታል፣ ተጫዋች ነው፣ ሠራተኛውን በስሙ ይጠራል ይባልለታል። ይህን አልክድም። ግን የ480 ሚሊዮኑ ዶላር ታሪክ ሲወራ የሆምስቴድ ሠራተኞች ሳይነሱ ቢታለፉ፣ ቅድም ያልኩት የወናፍ ነፊው መረሳት ተደገመ ማለት ነው።

ሽዋብ በዩ.ኤስ. ስቲል ብዙም አልቆየም፣ እ.ኤ.አ. በ1903 ለቀቀ። ፊቱን ወደ ቤተልሔም ስቲል መለሰ። በእኔ ግምት የሕይወቱ ትልቁ ሥራ እዚህ ነው። ሄንሪ ግሬይ የተባለ መሐንዲስ ሰፊ ክንፍ ያለውን የሕንፃ ብረት፣ ከቁርጥራጭ ሳይገጣጠም፣ አንድ ወጥ አድርጎ የሚያወጣ ማሽን ነድፎ ነበር። ሽዋብ ብዙ ገንዘብ ተበድሮ ማሽኑን ተከለ። ከ1908 ጀምሮ ምርቱ ወጣ። ሰማይ ጠቀስ ሕንፃዎች መስፋፋት የጀመሩበት ዘመን ነውና ገበያው ጠበቀው። የሳን ፍራንሲስኮው የጎልደን ጌት ድልድይ ብረትም ከዚሁ ኩባንያ የወጣ ነው።

መጨረሻው ግን አላማረም። ኒውዮርክ ውስጥ 75 ክፍል ያለው ቤት ሠርቶ ነበር። እጁ የማይሰስት፣ ቁማርም የሚወድ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1929 የአክሲዮን ገበያው ሲወድቅ ሀብቱ አብሮ ፈረሰ። በ1939 ሲሞት ዕዳው ከንብረቱ በልጦ ነበር። ይህን ሳነብ የማስበው፣ በ1900 የጋለውን ብረት ከሁሉ ቀድሞ ያየ ዓይን፣ ለገዛ ኪሱ ሲሆን መብረዱን አለማየቱን ነው።

ስለዚህ ወጣት ልጅን «ቶሎ በል፣ ብረት እንደጋለ ነው» እያልን ስናጣድፍ ቅር ይለኛል። ጉጠትና መዶሻ ሳይዝ ከእሳት ያወጣው ብረት እጁ ላይ ይቀዘቅዛል። ሙያውን ገና ሳይለምድ ተበድሮ የብየዳ ቤት ለሚከፍት ልጅ፣ ይህ አባባል «በርታ፣ አጋለው» ተብሎ ቢነገር ይሻላል።

አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ጨርሶ አይባልም። ጠብ ላይ። ሁለት ቤተሰብ ደም ሲቃባ የጎንደር ሽማግሌ በዚያው ቀን ለዕርቅ አይጠራም። ሐዘኑ ይወጣለታል፣ የተቆጣው ይናገራል፣ ካህናቱና ዘመድ በየፊናው ይመላለሳሉ። ሽማግሌዎቹ ሁለቱን ወገን አንድ ዛፍ ሥር የሚያስቀምጡት ነገሩ ከበረደ በኋላ ነው።